ቤት ውስጥ ባሩድ አለ

ከደብረ ታቦር የወጣሁት አጎቴን በቀበርን ማግስት ነው። መሄጃዬን ልግፋው ብል የሚገፋ አልሆነም፤ ቪዛ የሚያልቅበትን ቀን ያውቃል እንጂ ለቅሶ አያውቅም። ስለዚህ በዚያ በመጨረሻው ማታ ግማሹ ሰው አጎቴን ሊያለቅስ፣ ግማሹ እኔን ሊሸኝ መጥቶ ሁለቱ ነገር ተደባለቀ። አንዲት የሰፈራችን ሴትዮ አንገቴን አቅፋ «ነፍስ ይማር» ካለችኝ በኋላ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ማንም አልሳቀም። እናቴ ብቻ ከጓዳ ሆና «ተይው፣ እሱም መንገደኛ ነው» አለቻት።

እኛ አገር የተከበረ ሰው ሲቀበር ይተኮሳል። ለአጎቴም ብዙ ተተኩሶላቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መሬት ላይ ከወዳደቀው ቀለህ አንዱን አንስቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ቀለህ ማለት ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ ናስ ነው፤ ለማንም ምንም አይጠቅምም። ለምን እንዳነሳሁት ራሴም አላውቅም። ከዚያ በባሕር ዳር አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ቦሌ ደረስኩ፣ ኮቴ በመፈተሻው ማሽን አለፈ፣ አንድ ሠራተኛም ና ብሎ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለህ ነው።»

«ቀለህ መሆኑንማ አየሁት። አሜሪካ ምን ሊሠራልህ ነው?»

«የአጎቴ ነው። ማለቴ፣ ለአጎቴ የተተኮሰ ነው።»

«ተመተው ነው የሞቱት?»

«አይ፣ በስኳር ነው።»

ሰውዬው ቀለሁን አገላብጦ አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወንድም፣ «ስማ፣ የምትሄድበት አገር ጥይት እንደ ከረሜላ በሱቅ ይሸጣል አሉ። ይሄን ባዶ ተሸክመህ ምን ትሆናለህ» አለኝና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው። ፓስፖርቴን መልሶልኝ በሰላም ያግባህ አለኝ። ያኔ ተናድጄበት ነበር።

አትላንታ የተቀበለኝ የክፍል ጓደኛዬ ወንድም ነው። ሚስቱ ልትወልድ ስለነበር ሳሎኑ ውስጥ ብዙ መሰንበት አልቻልኩም። ሥራ ግን ቶሎ አገኘሁ፤ ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ የሆስፒታል ቱቦ የሚያመርት ፋብሪካ ማሽን ላይ አቆሙኝ። አገር ቤት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የብረት ሥራ አስተማሪ ስለነበርኩ ማሽን አያስፈራኝም። የቸገረኝ ማደሪያ ነው። እዚህ ቤት የሚያከራይ ሰው «ክሬዲትህን አሳየኝ» ይላል፤ ክሬዲት ደግሞ ተበድሮ ያልከፈለ ሰው ያለው ነገር መስሎኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለኝም» ብዬ መልሼ የተባረርኩበት ቤት አለ። ለካ ተበድሮ በጊዜው የመክፈል መዝገብ ነው።

በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ዲያቆን ወደ ማሪዬታ ላከኝ። ጋሽ አያሌው የሚባሉ፣ የጋይንት ሰው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤዝመንታቸውን፣ ከቤቱ ስር ያለውን ክፍል፣ ያከራያሉ አለኝ። ጋሽ አያሌው በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ተሰደው፣ ካምፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይተው ነው እዚህ የገቡት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሠርተው ቤታቸውን ከፍለው ጨርሰዋል። በር ላይ ቆመው ነው የመረመሩኝ። እንዲህ ያለ ምርመራ ኤምባሲም አልገጠመኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኳቸው። አባቴን በስም አወቋቸው።

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ጧፍስ? ለጸሎት ብለህ ጧፍ ታበራለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ተወው። እግዚአብሔር በጨለማም ይሰማል። ቤት ውስጥ ባሩድ አለ።»

ተሳስቼ የሰማሁ መስሎኝ «ምን አሉኝ?» አልኳቸው።

«ባሩድ። አትፍራ፣ ካንተ ክፍል ሩቅ ነው። ላንተ የሚቀርብህ ውሃ ማሞቂያው ነው።»

ገባሁ። የት እሄዳለሁ።

አሁን የዚያን ጊዜውን ብቸኝነት ልንገራችሁ፤ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ አታምኑኝም። ማሪዬታ ውስጥ ሰው በእግሩ አይሄድም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሣሩ የተላጨ ነው፣ ዛፉ ይረዝማል፣ ሰው ግን የለም። ጎረቤቱ መኪናው ውስጥ ሆኖ እጁን ያነሳልሃል፤ ልታናግረው ስትል የጋራዡ በር በራሱ ወርዶ ይዘጋል። ሙቀቱ እንደ እኛ ደጋ ፀሐይ ቆዳን አቃጥሎ ጥላ ስር ሲገቡ የሚለቅ አይደለም፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፣ ጥላ ስርም ይከተላል። ድንቹ ትልቅ ነው፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን የጋይንት ድንች ወንድም ነኝ ብሎ አይከራከርም። ከሥራ ስወጣ ትራፊክ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ከብት በሰልፍ እነዳለሁ፤ ቤት ደርሼ ፓርክ አድርጌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ምክንያት አጥቼ መኪናው ውስጥ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አንዳንድ ቀን ከፋብሪካው ማሽን ድምፅ በቀር ምንም ድምፅ ሳልሰማ፣ ከ«ሃይ» እና ከ«ባይ» በቀር ቃል ሳልናገር ይመሻል።

እንዲህ ባለ አንድ ቅዳሜ ነው ከላይ፣ ከጋራዡ፣ ድምፅ የሰማሁት። ክር ይላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ክር ይላል። ብቸኝነት ሰውን የማይገባበት ያስገባልና ወጥቼ የጋራዡን በር አንኳኳሁ።

ጋሽ አያሌው መነጽር አድርገው ወፍራም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰረ፣ እጀታ ያለው ብረት አለ። ፕሬስ ይሉታል። ከጎኑ የወርቅ ሚዛን የመሰለች ትንሽ ሚዛን፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የእንጨት ገበታ፣ በየቀዳዳው ውስጥ የቆሙ ቀለሆች። ታጥበው ያበራሉ። ቦሌ ላይ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለብኝን አስታውሼ ሳቅ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል?»

ነገርኳቸው። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ። «ያ ሰውዬ ሞኝ ነው። ቀለህ ካልተሰነጠቀ ይሞላል። የእኛ አባቶችስ ይሞሉት አልነበር? ቁጭ በል። ስልክህን ግን ውጭ አስቀምጥ።»

ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሎዬ እሳቸው ጋር ሆነ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ያጥቡታል፤ ስንጥቅ እንዳለው በጣትና በዓይን ይመረምሩታል፤ በፕሬሱ ጨምቀው ወደ ድሮ መጠኑ ይመልሱታል፤ ያረጀውን መለኮሻ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ፣ ከቂጡ አውጥተው አዲስ ያስገባሉ፤ ባሩድ መዝነው ይጨምራሉ፤ በመጨረሻ ተወርዋሪውን እርሳስ አፉ ላይ ያስቀምጡና ይጫኑታል። አለቀ። ሰውን ሊያጠፋ የሚችለው ደግሞ በዚህ መሃል ያለው ትንሽ መዘናጋት ነው።

የጋሽ አያሌው ደንብ ብዙ ነበር፤ እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይወጣል፤ ሌላው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ባሩድ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም። የባሩዱ ልክ ከፋብሪካው መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ከጓደኛ አይሰማም፤ የሚጀመረውም መጽሐፉ ከሚፈቅደው ከዝቅተኛው ነው። ቴሌቪዥን የለም፣ ወሬ የለም፣ መጠጥ የለም። እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይነካም። የዓይን መነጽር ከፊት አይወርድም። እርሳሱ ከመጫኑ በፊት ገበታው ላይ ያሉት ቀለሆች ሁሉ አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን ውስጣቸው ይታያል፤ የሽጉጥ ቀለህ ሰፊ ነውና ባሩዱ ሁለት ጊዜ ቢገባበት እንኳ ሞልቶ አይፈስም፣ ካላዩት አያስታውቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኩስ።

«የእርስዎንም?» አልኳቸው።

«የእኔንም። እኔም ያንተን አልተኩስም። ፍቅር ሌላ፣ ባሩድ ሌላ።»

የራሴን ዕቃ እንድገዛ የወሰዱኝም በዚህ ምክንያት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህን ነገር መያዝ ይችላል ወይ ብዬ መጀመሪያ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ሕግ ከማያውቁት አገር ሕግ መጠየቅ አያሳፍርም። ሱቁ እንደ ሱፐር ማርኬት ነው። ሰዎች ጋሪ እየገፉ ባሩድ ይመርጣሉ። ጢማም ወጣት ሻጭ መጣና በአንዴ ብዙ የሚሠራውን ትልቁን ማሽን ያሳየን ጀመር። እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀ ጥይት ይወድቃል፣ ጊዜ ይቆጥባል አለ።

ጋሽ አያሌው አዳመጡትና በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ጊዜ ሞልቶናል» አሉት።

«ግን ጌታዬ፣ በአንድ ቅዳሜ ስንት...»

«እኛ ጦርነት የለብንም።»

ሻጩ ሳቀ። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ቀጠሉ። «ይሄ ማሽን ብዙ ነገር በአንዴ ይሠራል፤ ጀማሪ ደግሞ ብዙ ነገር በአንዴ ማየት አይችልም። አንድ በአንድ የምትሠራውን ግዛ። በሚዛኑ ላይ አትሰስት፣ በመነጽሩ ላይ አትሰስት። ቀለሙ የሚያምረውን ሁሉ እለፈው።»

እንዳሉት ገዛሁ። ግን «ጦርነት የለብንም» ያሉት ቃል መኪና ውስጥም ከእኔ ጋር ነበር። በዚያ ሰሞን ደብረ ታቦር ስልክ አይሠራም ነበር። እናቴ ጋ ስደውል የማላውቃት ሴት በእንግሊዝኛና በአማርኛ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች፤ የእሷን ድምፅ ከመልመዴ የተነሳ ጠዋት ጠዋት እሷን ሰላም ያልኩ ይመስለኝ ጀመር። አገሬ ላይ ሰው ጥይት ሲሰማ ልጁን ወደ ቤት ይጠራል፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቅዳሜን ጠብቄ ጥይት እሞላለሁ። ይህን ለማን እነግረዋለሁ? ለጋሽ አያሌው አንድ ቀን ነገርኳቸው። ፕሬሱን ሳብ አድርገው፣ መልሰው፣ «እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ትንሽ ያርፋል። ሌላ ምክንያት የለኝም» አሉኝ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ነው የጀመሩት።

ተኩሱ ራሱ ብዙም አልጣመኝም። የሞላነውን ይዘን የምንሄድበት መተኮሻ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ይቆማል፤ የመጀመሪያ ቀን ትከሻዬ በራሱ ዘለለ፣ ዓይኔ በራሱ በሩን ፈለገ። ጋሽ አያሌው ግን አሮጌ ሪቮልቨር ሽጉጣቸውን ይዘው ሲቆሙ ዕድሜያቸው ይቀንሳል። ከዚያ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ቁርስ እንበላለን፤ እሳቸው ጾም ካልሆነ እንቁላል ሳይበሉ አይነሱም። ያ ቁርስ ነበር ለእኔ ሳምንቱ።

መቼ እንደጀመረ አላወቅኩም። አንድ ቀን «ታደሰ» ብለው ጠሩኝ፤ ታደሰ ሱዳን በረሃ ላይ የሞተ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሌላ ቀን ሁልጊዜ የምንወጣበትን የሃይዌይ መውጫ አልፈውት ሄዱና «አዲስ መንገድ ላሳይህ ብዬ ነው» አሉኝ። ሽማግሌ ነው፣ ይዘነጋል አልኩ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ሁለት የባሩድ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁ። አንዱን ዘግቼ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩት። አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩኝ ሆኑ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። አንድ ተኮሱ፣ ደህና ነው። ሁለተኛውን ሲተኩሱ የተለመደው ድምፅ አልመጣም። ክብሪት እንደመጫር ያለ ነገር ብቻ ተሰማ፤ ሽጉጡም እጃቸው ላይ አልዘለለም። ይህን ድምፅ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባሩድ የሌለው ጥይት ነው። መለኮሻው ብቻውን እርሳሱን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ወትፎታል ማለት ነው። ያኔ ቆም ይባላል፣ ሽጉጡ ይወርዳል፣ ሰው ይጠራል። ጋሽ አያሌው ግን ቃታውን ሊደግሙ ጣታቸውን ሲስቡ አየሁ።

እጃቸውን ያዝኩ። በሁለት እጄ አንጓቸውን ይዤ ሽጉጡን ወደ ፊት ወደ መሬት ዘቅዝቄ ያዝኩት። ታገሉኝ። ጉልበት ነበራቸው። «ልቀቀኝ» ሲሉ አፋቸውን ነው ያየሁት፤ ድምፁ አይሰማም። የአዳራሹ ሠራተኛ ሮጦ መጣ፣ ሽጉጡን ተቀበለን፣ ጥይቱን አራገፈ፣ ቀጭን ዘንግ ወደ አፈሙዙ ሰደደ። ዘንጉ መሃል ላይ ቆመ። ሌላ ጥይት ተከትሎት ቢሆን ኖሮ ብረቱ ፊታቸው ላይ ይፈነዳ ነበር።

«ይህን ሰው ቁርስ ይጋብዙት» አላቸው ሠራተኛው እየሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቁርስም አልበላንም።

መኪና ውስጥ እኔ ነኝ የነዳሁት። ሃይዌዩ ላይ ስንወጣ «እጄን ያዝከኝ» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሰው ፊት።»

«አዎ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ ግን እሳቸው ራሳቸው ጋራዡን ከፈቱ። «ያለውን ሁሉ እንፍታው» አሉ። በእጃቸው የሞሉትን ጥይት አንድ በአንድ እርሳሱን እየነቀልን፣ ባሩዱን ሚዛኑ ላይ እያፈሰስን አየን። አብዛኛው ልክ ነው። ከዚያ ምንም ያልገባበት ሌላ ቀለህ ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ እጥፍ የገባበት አንድ አገኘን። ሚዛኑ ወደ ላይ ሲሄድ ጋሽ አያሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አድርገው አዩት።

«ይሄን እኔ ነኝ የሞላሁት?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። የእኔ ያኛው ሳጥን ነው።»

«አላስታውሰውም።»

እጥፍ የሆነውን ባሩድ ለብቻው አስቀመጥኩት።

«ለሶስና ትነግራታለህ?» ሶስና አንድ ልጃቸው ናት፤ እዚህ አድጋ፣ ሕግ ተምራ፣ ብሩክሄቨን ከባሏ ጋር የምትኖር።

«እርስዎ ይንገሯት። ካልነገሯት ግን እኔ እነግራታለሁ።»

«ከቤቴ ታስወጣኛለህ ማለት ነው» አሉኝ። በቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በዚህ አገር ሳምንቱን ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ዝም ብል ቅዳሜዎቼ ይቀጥላሉ፣ ብናገር ያልቃሉ። አስቤዋለሁ። ግን ሚዛኑ ፊታችን ቆሟል።

«ፊትዎ ላይ ቢፈነዳስ ጋሼ?»

ሚዛኑን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ እንድሰማው በድምፅ ማጉያ አደረጉት። «ሶሲ፣ ሥራ ላይ ነሽ? እሑድ ነው ለካ። ነይ እስኪ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ሶስና ሳይመሽ መጣች። ረጅም፣ ፈጣን ሴት ናት። አማርኛዋ ይጣደፋል። ጠረጴዛውን አየችው፣ አባቷን አየቻቸው፣ እኔን ወደ ኮሪደር ጠራችኝ።

«ሙሉቀን፣ ኦኬ፣ ጋኖቹን፣ ጠመንጃዎቹን ማለቴ ነው፣ አውቅ ነበር። ባሩዱን ግን፣ ላይክ፣ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ውሃ ማሞቂያው አጠገብ አይደለም አይደል?»

«አይደለም። ውሃ ማሞቂያው አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረና ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። «ስልክ ስደውል ሁሌ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ። እኔም ደህና ነው ብዬ እዘጋለሁ። ኢዚ ነበር፣ ታውቃለህ?»

ወደ ውስጥ ተመልሳ አባቷ እግር ስር ተንበረከከች። «አባዬ፣ እኔ ጋ ና። ፎርስ አላደርግህም። ግን ና።»

«እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም። ከእኔ ጋር ቡና ትጠጣለህ። ታናድደኛለህ።»

በዚያ ሳምንት ሐኪም አዩ፤ ስሙን የማልጽፈው በሽታ ተነገራቸው። ጠመንጃዎቹን ሶስና ፈቃድ ላለው ሱቅ አስረከበች። የተኩስ ቦታው ሰዎች ባሩዱን እንዴት እንደሚያስወግዱት ነግረውን እንደዚያው አደረግን። ጋሽ አያሌው የሄዱ ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆመው ፕሬሱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ያንተንም የእኔንም አንተ ያዘው» አሉኝ። ሁለቱም አሁን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ታስረዋል።

ብቻዬን አንድ ቅዳሜ ሞክሬ ነበር። የራሴን ባሩድ አወጣሁ፣ ሚዛኑን አስተካከልኩ፣ ጥቂት ቀለህ ሞላሁ። ከዚያ ስንተኛው ላይ እንደሆንኩ ጠፋኝ። ልቤ ሌላ ቦታ ከሆነ መነሳት ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። የሞላሁትን መልሼ አፈሰስኩ፣ ቁም ሳጥኑን ቆለፍኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ በኋላ ልቤ አንድም ቅዳሜ ቤት ስላልተገኘ አልተመለስኩበትም። ቤቱ እስኪሸጥ እንድጠብቀው ሶስና ለምናኝ አለሁ። ከላይ ድምፅ የለም። የገዛ እግሬ ደረጃው ላይ ሲረግጥ ሰው የመጣ ይመስለኛል።

ብሩክሄቨን እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ደህና በሆኑበት ቀን ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፤ ባልሆኑበት ቀን ታደሰ ነኝ። መጀመሪያ አርማቸው ነበር። አሁን ታደሰ ሲሉኝ «አቤት» እላለሁ፤ በረሃውን እንዴት እንዳለፍኩት ይጠይቁኛል፣ ውሃ አገኘሁ እላቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል።

ባለፈው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የደብረ ታቦር ስልክ ተከፍቷል ሲሉ ሰምቼ ባዶው ቤት ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ያቺ ሴት አልመጣችም፤ እናቴ አነሳች። እዚህ እኩለ ቀን ነው፣ እዚያ መሽቷል። ድምፄን ሰምታ መረቀችኝ። ከዚያ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሁዳዴ ጾም ነገረችኝ፤ ዘንድሮ ጉልበቷን እንደያዛት፣ ስግደት እንዳቃታት።

«አንተስ፣ ከማን ጋር ትውላለህ?»

«ከጋሽ አያሌው ጋር ነኛ።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እዚሁ ከጎኔ ናቸው። ሰላም ብለውሻል።»

«እግዜር ይስጣቸው። ሰው አጠገብህ ስላለ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ይህን ስትል ከበስተኋላዋ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ፣ ተከታትሎ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ አንድ፣ ቀረብ ያለ።

«እማ፣ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«የተተኮሰው።»

«እ፣ እሱ ነው? ሰርግ ነው ልጄ። ከላይ ሰፈር ልጃቸውን እየዳሩ ነው።»

ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ማንም ልጁን አይድርም። ይህን እሷ ናት ያስተማረችኝ፤ እንደማውቅም ታውቃለች።

«መልካም ጋብቻ በያቸው» አልኳት።

«እላቸዋለሁ። በል አሁን ሂድ፣ ሽማግሌውን አታስርባቸው፣ ምሳችሁን ብሉ።»

«እሺ እማ» አልኳት። «ቀርቧል፣ እየጠበቁኝ ነው።»